የሰው እንቅስቃሴ የማን ነው?



«አካሄዱን አይተው ጭብጦውን ቀሙት» ይላሉ አበው። ተረቱ የሚነገረው ራሱን የማይጠብቅ ፈዛዛ ሰው በቀላሉ እንደሚጠቃ ለማመልከት ነው። በዘመናችን ግን አባባሉ የተናገሩት ሰዎች ባላሰቡት መንገድ ቃል በቃል እየተፈጸመ ይገኛል። ዛሬ የሰው አካሄድ ራሱ ጭብጦ ሆኗልና። አካሄዱ ይታያል፣ ይለካል፣ ይመዘገባል። ከባለቤቱ ተለይቶ በኮምፒውተር ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያም ሌላ አካል ለብሶ ይራመዳል፣ ይዘላል፣ ይጨፍራል፤ ዋጋ ተቆርጦለትም ይሸጣል። የእንቅስቃሴው ባለቤት ግን በዚያን ሰዓት ቤቱ ተኝቶ ሊሆን ይችላል፤ ታሞ ሊሆን ይችላል፤ ሞቶም ሊሆን ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ ልናስብበት የፈለግነው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው። ከሰው አካል ላይ የተወሰደ እንቅስቃሴ የማን ነው? የወሰደውስ ሰው ለተወሰደበት ሰው ምን ዕዳ አለበት? ስለ ጭፈራና ስለ ሥዕል ተገቢነት በዑለማዎች ዘንድ ያለውን ክርክር እዚህ አናነሳም፤ ያ ራሱን የቻለ ቦታ አለው። እኛ የያዝነው የሐቅ ጥያቄ ነው። ጭፈራን የሚወድም የሚጠላም ሰው «የሰው ሐቅ አይበላ» በሚለው ላይ አይለያይምና። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

ነገሩ ምንድን ነው?

በእንግሊዝኛ «ሞሽን ካፕቸር» ይሉታል፤ እንቅስቃሴን መያዝ ማለት ነው። ሐሳቡ ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው። ፈረንሳዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ኤቲየን ዡል ማሬ በ1880ዎቹ ሰውን ጥቁር ልብስ አልብሶ፣ በእጆቹና በእግሮቹ ላይ ነጫጭ መስመሮችና ነጥቦች አድርጎ ሲራመድ ፎቶግራፍ ያነሳው ነበር። በፎቶግራፉ ላይ ሰውየው ይጠፋና መስመሮቹ ብቻ ይቀራሉ። በ1917 ደግሞ ማክስ ፍሌይሸር የተባለ አሜሪካዊ የተቀረጸ ሰውን እንቅስቃሴ ሥዕል በሥዕል እየተከተሉ ለካርቱን የሚያውሉበትን መሣሪያ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘበት። የወንድሙን እንቅስቃሴ ወስዶ በሥዕል ለተሠራ አስቂኝ ሰው አለበሰው።

የዛሬው አሠራር ከዚያው የመጣ ነው። ተወዛዋዡ ጠባብ ልብስ ይለብሳል። በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ብርሃን የሚመልሱ ትናንሽ ኳሶች ይለጠፋሉ። ዙሪያውን የተተከሉ በርካታ ካሜራዎች ኳሶቹን ከየአቅጣጫው ይመለከታሉ። ኮምፒውተሩ ከካሜራዎቹ ያገኘውን አጋጥሞ እያንዳንዱ ኳስ በየቅጽበቱ የት እንደነበረ ያሰላል። ከነጥቦቹም አጽም ይሠራል። በአጽሙ ላይ የፈለጉትን አካል፣ ወጣት፣ ሽማግሌ፣ አውሬ ወይም የመስመር ክምር ያለብሱታል። ይህን ምናባዊ አካል «አቫታር» ይሉታል። ተመልካቹም ዓይኑ ላይ መነጽር መሰል መሣሪያ አድርጎ አቫታሩ ወዳለበት ምናባዊ ዓለም የገባ እስኪመስለው ድረስ በዙሪያው ያየዋል።

ልብ በሉ! በዚህ ሂደት ውስጥ የተወሰደው የቦታና የጊዜ ልኬት ነው። ላቡ አልተወሰደም። የትንፋሹ መቆራረጥ፣ የጉልበቱ ሕመም፣ ያን እርምጃ ለመማር የፈጀው ዓመት አልተወሰደም። ፍሬው ተለቅሟል፤ ዛፉ ግን ቀርቷል።

አካሄድ ከፊት ያላነሰ ማንነት ነው

ምናልባት አንዳንድ አንባቢያን «የሰውየውን ፊት እስካልወሰዱ ድረስ ምን ጉዳት አለው? እጅ ማንሳትና እግር መወርወር የሁሉም ሰው አይደለም እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፍ ባላስፈለገ ነበር።

በ1973 ጉናር ዮሃንሰን የተባለ ስዊድናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በሰዎች መገጣጠሚያ ላይ ጥቂት የሚያበሩ ነጥቦች አድርጎ በጨለማ ቀረጻቸው። ነጥቦቹ ሳይንቀሳቀሱ ሲታዩ ተመልካቹ ከተበተነ ነጥብ በቀር የሚያየው ነገር የለም። መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ግን ወዲያውኑ «ሰው እየሄደ ነው» ይላል። ከአራት ዓመት በኋላ በ1977 በአሜሪካ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ሰዎች ከእነዚህ ነጥቦች ብቻ ተነስተው የሚያውቋቸውን ጓደኞቻቸው አካሄድ በግምት ከሚሆነው በላይ መለየት እንደሚችሉ አሳየ። ፊት የለም፣ ድምፅ የለም፣ ልብስ የለም። ነጥብ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ሰውየውን ይናገራል።

ይህን እኛም ያለ ጥናት እናውቀዋለን። እናት ልጇ ከሩቅ ሲመጣ ፊቱን ሳታይ «እሱ ነው» ትላለች። «አረማመዱ ቁርጥ አባቱን» እንላለን። አስተማሪ ከኋላ ሆኖ ተማሪዎቹን በአቀማመጣቸው ይለያል። እንቅስቃሴ በሰው ላይ እንደ ኮት የተደረበ ነገር አይደለም። ከአጥንቱ ርዝመት፣ ከልጅነቱ ሥራ፣ ከደረሰበት ስብራት፣ ካደገበት አገር መሬት ተጠራቅሞ የተገኘ ነው። ስለዚህ እንቅስቃሴን የወሰደ ሰው ከማንነት ቁራሽ ወስዷል ብንል አላጋነንም።

ፈቅዶ የሰጠ ሰው

ይህ ማለት ግን ሥራው ሁሉ ስርቆት ነው ማለት አይደለም። ፍትሐዊ ለመሆን በመጀመሪያ ያማረውን ምሳሌ እናንሳ።

ሜርስ ካኒንግሃም በ1919 የተወለደ ታዋቂ አሜሪካዊ የውዝዋዜ ቀማሪ ነበር። ሲያረጅ መገጣጠሚያዎቹ በበሽታ ተይዘው እንደ ቀድሞው መንቀሳቀስ አልቻለም። እሱ ግን ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በኮምፒውተር ላይ ምናባዊ ሰዎችን እያንቀሳቀሰ አዳዲስ ውዝዋዜ ያቀናብር ጀመር። በ1999፣ 80 ዓመት በሞላው ዓመት፣ «ባይፕድ» የተባለውን ሥራ ለመድረክ አበቃ። ፖል ካይዘርና ሼሊ ኤሽካር የተባሉ አርቲስቶች የተወዛዋዦቹን እንቅስቃሴ በካሜራ ይዘው በእጅ የተሣለ ወደሚመስል ምስል ለወጡት። ከመድረኩ ፊት በተዘረጋ ስስ መጋረጃ ላይ ትልልቅ የብርሃን ምስሎች ይጨፍራሉ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሥጋ የለበሱት ተወዛዋዦች ይጨፍራሉ። ሰውና ጥላው በአንድ መድረክ ላይ ጎን ለጎን ቆሙ።

ካኒንግሃም በዚህ አላበቃም። በእጆቹና በጣቶቹ ብቻ የሚጫወተው «ሉፕስ» የተባለ የራሱ ውዝዋዜ ነበረው። ያን የእጆቹን እንቅስቃሴ አስቀረጸ፤ በ2001ም ከእሱ የተሠራው ዲጂታል ሥራ ታየ። በ2008 ደግሞ የእንቅስቃሴው መዝገብ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ተደረገ። በ2009 አረፈ። ከመሞቱ በፊት ቡድኑ አንድ የመጨረሻ ጉዞ አድርጎ እንዲበተን ተስማምቶ ነበርና ቡድኑ በታኅሣሥ 31 ቀን 2011 የመጨረሻውን ትርኢት አሳይቶ ተዘጋ። ሥራዎቹ እንዴት እንደሚጠበቁና ለማን እንደሚፈቀዱ አስቀድሞ ተወስኖ ነበር።

ከዚህ ሰው የምንማረው ምንድን ነው? የሰጠው እሱ ነው። ምን እንደሚሰጥ ያውቅ ነበር። ስሙ ከሥራው ጋር ነው። መቼ እንደሚያበቃም ተናግሯል። መስጠት ማለት እንዲህ ነው።

በዚያው በ1999 እነዚሁ ሁለት አርቲስቶች ቢል ቲ. ጆንስ ከተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ተወዛዋዥ ጋር «ጎስትካቺንግ» የተባለ ሥራ በኒውዮርክ አሳዩ። የጆንስ እንቅስቃሴ ተይዞ የመስመር ምስል ሆነ። ቆዳው የለም፤ ፊቱ የለም፤ እንቅስቃሴው ግን የእሱው ነው። ይህን ያየ ሰው መጠየቁ አይቀርም። አካሉ ከተገፈፈ በኋላ እንቅስቃሴውን ከሰውየው ጋር የሚያስተሳስረው ምን ቀረ? መልሱ አንድ ነው፤ ስሙ ብቻ። ስለዚህ በዚህ ሥራ የባለቤቱን ስም መጥራት ለጌጥ ወይም ለምስጋና የሚደረግ ነገር አይደለም። ገመዱ እሱ ነው። ስሙ ከተቆረጠ ሰውየው ተቆርጧል።

ሳይጠየቅ የተወሰደበትስ?

አሁን ወደ ሌላው ወገን እንለፍ። በ2017 የወጣ «ፎርትናይት» የሚባል የኮምፒውተር ጨዋታ አለ። ተጫዋቾች በአቫታራቸው ይዋጋሉ። አቫታራቸው እንዲጨፍርላቸው ከፈለጉ ደግሞ ጭፈራውን በገንዘብ ይገዛሉ። በ2018 መጨረሻ ላይ ቱ ሚሊ የተባለ የኒውዮርክ ዘፋኝ «የእኔን ጭፈራ ሳትጠይቁኝ ሸጣችሁት» ብሎ የጨዋታውን ባለቤት ኩባንያ ከሰሰ። አልፎንሶ ሪቤሮ የተባለው ተዋናይም በ1990ዎቹ በቴሌቪዥን ድራማ ላይ ስለታወቀበት ጭፈራ ተመሳሳይ ክስ አቀረበ።

ሕጉ ግን አላገዛቸውም። የአሜሪካ የቅጂ መብት መሥሪያ ቤት በ2019 መጀመሪያ የሪቤሮን ማመልከቻ «ይህ ጥቂት እርምጃዎች ያሉት ቀላል ጭፈራ ነው» በሚል መንፈስ አልተቀበለውም። በዚያው ዓመት ክሶቹ በከሳሾቹ ተነሱ። ኩባንያው ሲከራከር የነበረው አንድ የጭፈራ እርምጃ የማንም ሊሆን አይችልም በማለት ነው።

በኋላ ካይል ሃናጋሚ የተባለ የውዝዋዜ ቀማሪ መጣ። እሱ ሥራውን ቀደም ብሎ አስመዝግቦ ነበር። በ2022 ከሰሰ፤ የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ክሱን ዘጋበት። በኅዳር 2023 ግን የይግባኙ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ያለው ነገር ማስተዋል ያለበት ነው። ውዝዋዜ ተቆራርጦ አንድ አንድ አቋቋም ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ አቀነባበሩ፣ ሽግግሩ፣ ጊዜው፣ ፋታውና ኃይሉ አንድ ላይ መታየት አለበት አለ። ሙዚቃ ነጠላ ድምፆች ብቻ ተደርጎ እንደማይታይ ማለት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። ሕግ የሚጠይቀው «የማን ንብረት ነው?» ብሎ ነው። ንብረት ካልሆነ ፋይሉን ይዘጋል። ኅሊና ግን ከዚያ አልፎ ይጠይቃል። «ከማን አገኘኸው? ጠየቅኸው ወይ? ስትጠቀምበት እሱ ምን አገኘ?» ይላል። ዳኛ ያልፈረደበት ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት እንዳልሆነ ከገበያም ከጎረቤትም ሕይወት እናውቀዋለን። የመንገድ ውኃ ለሁሉም ነው፤ ሌላው ደክሞ የቀዳውን እንስራ ግን «ውኃ የሁሉም ነው» ብሎ መውሰድ አይቻልም።

ከሰው መማር ነውር ነውን?

በዚህ ክርክር ላይ ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የሚከተለው ነው። «ውዝዋዜ ሁልጊዜም ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው። ልጅ ከአባቱ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ እያየ ይማራል። ማንም ማንንም ፈቃድ ጠይቆ አያውቅም። እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ባለቤት ካበጀንለት መማማር ይቀራል፤ ድኻው ከመጠቀም ይልቅ ሀብታሙ ኩባንያ ሁሉንም አስመዝግቦ ይወርሰዋል» ይባላል።

ይህ ተቃውሞ እውነት አለበት። እርምጃ ሁሉ ይታጠር ማለት ጥፋት ነው። ነገር ግን መማርና መያዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አንደኛ፣ የሚማር ሰው ራሱ ይደክማል። እንቅስቃሴውን ለማግኘት የራሱን አካል ይከፍላል። እየተማረም ይለውጠዋል፤ የተማረው በመጨረሻ የራሱም ይሆናል። ማሽኑ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ የዓመታት ድካም ይወስዳል፤ ራሱ የሚከፍለው ድካም የለውም።

ሁለተኛ፣ ተማሪው ስለተማረ አስተማሪው አይቀርም። እንዲያውም ይፈለጋል፤ ሌሎችም ይመጡለታል። የተያዘ እንቅስቃሴ ግን ባለቤቱን አያስፈልገውም። አይደክምም፣ አያረጅም፣ ደመወዝ አይጠይቅም፤ በአንድ ሌሊት በሺሕ ቦታ ይጨፍራል። በባለቤቱ ምትክም ሊሠራ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ስም አብሮ ይሄዳል። ኪታብ የሚቀራ ደረሳ ምን እንደሚያደርግ አስቡ። ከሸኹ የሰማውን ይዞ ሄዶ «የእኔ ነው» አይልም። ኢጃዛ ተቀብሎ፣ ከማን እንደተማረ፣ ያም ከማን እንደተማረ ስም በስም ይቆጥራል። ዕውቀቱ የማንም የግል ርስት አይደለም፤ ለሁሉም ይሰጣል። ሆኖም ፈቃድና ስም አለው። እንግዲህ «ወይ የግል ንብረት ነው፣ ወይ ባለቤት የሌለው ሜዳ ነው» የሚለው ሁለት ምርጫ ብቻ ያለ ያስመስላል እንጂ ሦስተኛ መንገድ አለ። እሱም አማና ነው። አማና የተቀበለ ሰው ይጠቀምበታል፣ ያስተላልፈዋል፣ ከማን እንደተቀበለው ግን አይክድም።

ሰው ወይስ መረጃ?

አሁን ወደ ሠራተኛው እንምጣ። ታዋቂ ሰው ሲበደል ይጮኻል፤ ስሙ ያልታወቀ ተወዛዋዥ ሲበደል ማን ይሰማዋል?

በግንቦት 2022 በለንደን «አባ ቮያጅ» የተባለ ትርኢት ተከፈተ። የስዊድኑ የሙዚቃ ቡድን አራት አባላት በ70 ዓመት አካባቢ እያሉ ለአምስት ሳምንታት የመቅረጫ ልብስ ለብሰው በ160 ካሜራዎች ፊት ዘፈኑ፣ ተወዛወዙ። 3,000 ሰው በሚይዘው አዳራሽ ውስጥ ተመልካቹ የሚያየው ግን በ1979 የነበሩትን ወጣቶች የሚመስሉ አቫታሮችን ነው። የአዛውንቶቹ እንቅስቃሴ ብቻ ለወጣት አካል ስላልበቃ ወጣት ተተኪዎች እንቅስቃሴያቸውን አጥንተው በመቅረጫው ፊት ተክተዋቸው ሠርተዋል። አራቱ ባለቤቶች ፈቅደዋል፤ ነውር የለበትም። ነገር ግን እንጠይቅ። ያ ሁሉ ሰው ሲያጨበጭብ የሚያጨበጭበው ለማን ነው? የዘለለው ጉልበት የአንዱ ነው፤ የሚታየው ፊት የሌላው ነው። በዚህ ሥራ ላይ ሁልጊዜ በጨለማ የሚቀር አንድ ሰው አለ። ሐቁ መጠበቅ ያለበትም በተለይ የዚያ ሰው ነው።

ነገሩ የእንጀራ ጉዳይ መሆኑን የአሜሪካ ተዋንያን አሳይተዋል። በ2023 ማኅበራቸው ለ118 ቀናት ሥራ አቁሞ ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዱ የተዋናይ ዲጂታል ቅጂ ሲሠራ ፈቃዱ እንዲጠየቅና እንዲከፈለው ነው፤ ይህም በስምምነቱ ውስጥ ገባ። ከሐምሌ 2024 እስከ ሐምሌ 2025 ድረስ ደግሞ ለኮምፒውተር ጨዋታዎች የሚሠሩት ተዋንያን ሥራ አቆሙ። እዚያ ላይ የተነሳው ክርክር ለጽሑፋችን ዋና ነው። ማኅበሩ «በእንቅስቃሴ ብቻ የሚሠሩትን ሰዎች አሠሪዎች እንደ ተዋናይ ሳይሆን እንደ መረጃ ሊያዩዋቸው ይፈልጋሉ» ሲል ወቀሰ። አስቡት እንግዲህ! ሰውየው ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ፣ ልብሱን ለብሶ፣ ወድቆ ተነስቶ፣ ላቡን አፍስሶ ይመለሳል። በደብተር ላይ ግን የሠራ ሰው የለም፤ የተሰበሰበ ልኬት ብቻ አለ። የሠራተኛን ዋጋ ለመከልከል ከሁሉ ቀላሉ ዘዴ ሠራተኛው ሰው መሆኑን መርሳት ነው።

«ፈርሞ የለም እንዴ?» የሚል ቢኖር፣ ፊርማ ሁሉ ፈቃድ አይደለም እንላለን። የቤት ኪራይ የደረሰበት ሰው ለአንድ ቀን ክፍያ ሲል «ለዘላለም፣ በማናቸውም ቦታ፣ ለማናቸውም ጥቅም» የሚል ወረቀት ሊፈርም ይችላል። ቸግሮት ልጓሙን የሸጠ ሰው ፈረሱንም ሸጧል አይባልም። ፈቃድ ማለት የሚሰጠው ሰው ምን እንደሚሰጥ አውቆ፣ «አይሆንም» ማለትም እየቻለ የሰጠው ነው።

ለሙታን ማን ይፈቅዳል?

ከዚህም የከበደ ነገር አለ። በየካቲት 2020 በደቡብ ኮሪያ የሚገኝ የቴሌቪዥን ጣቢያ አንድ ዘጋቢ ፊልም አሳየ። በ2016 በሰባት ዓመቷ በሕመም የሞተች ልጅ ነበረች። ባለሙያዎች ከፎቶግራፎችና ከቪዲዮዎች ተነስተው ምናባዊ አካሏን ሠሩ። እንቅስቃሴው የተወሰደው ከሌላ ሕፃን ነው። እናትየዋ መነጽሩን አድርጋ፣ ጓንቱን አጥልቃ፣ ማንም በሌለበት አየር ላይ እጇን ዘርግታ ልጇን ለመዳሰስ ሞከረች። አለቀሰች። አገሩ ሁሉ አብሯት አለቀሰ።

በዚች እናት ላይ ለመፍረድ ብዕር የሚያነሳ ሰው ልጅ ያልቀበረ ነው። እሷ አልተታለለችም፤ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ያወቀችበትን ነገር ውሸት ልንለው አንችልም። መጽናናቷንም እሷ ራሷ እንጂ እኛ አንለካላትም። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ሳንናገር ማለፍ አይገባም።

አንደኛው፣ የሞተችው ልጅ እሺ አላለችም፤ እሺ ልትልም አትችልም። ዛሬ የእናቷ ፍቅር ተናገረላት። ነገ ደግሞ የሌላ ሟች ጥላ ሸቀጥ እንዲያስተዋውቅ የሚፈልግ ነጋዴ ቢመጣስ? ሙት ተሟጋች የለውም። ስለዚህ ለሙታን የሚገባው ጥንቃቄ ለሕያዋን ከሚገባው ይበልጣል እንጂ አያንስም። ካኒንግሃም በሕይወት እያለ «እስከዚህ ነው» ብሎ መወሰኑ ትልቅ ነገር የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው፣ እናትን ማጽናናትና የእናትን ለቅሶ ለሕዝብ ማሳየት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሊደረግ ይችል ነበር። ለቅሶ ቤት የምንሄደው ሐዘኑን ልንሸከም ነው፤ ልናየው አይደለም።

ጭምብል የለበሰ ሰው

እስካሁን ስለተወሰደበት ሰው ተናገርን። ስለሚለብሰው ሰው ጥቂት እንበል። ስፔናዊቷ የውዝዋዜ ቀማሪ ብላንካ ሊ በ2021 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የተሸለመ «የፓሪስ ድግስ» የሚሰኝ ሥራ አላት። ተመልካቾቹ መነጽርና መቅረጫ አድርገው፣ የእንስሳ ራስ ያለው አቫታር ለብሰው ከእውነተኛ ተወዛዋዦች ጋር በምናባዊ ድግስ ላይ ይጨፍራሉ። ዓይን አፋር የሆነ ሰው ጭምብሉን ለብሶ ሲደፍር መልካም ሊሆን ይችላል።

ሆኖም ጭምብል ለባሹንም ይለውጣል። በ2007 የታተመ የሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ጥናት ረጅም አቫታር የተሰጣቸው ሰዎች አጭር ከተሰጣቸው ይልቅ በገንዘብ ድርድር ላይ ጠንክረው እንደተከራከሩ አሳይቷል። ታዲያ በአቫታር ውስጥ ሆኖ ሌላውን የሚያዋርድ ሰው «እኔ አይደለሁም፤ ምስሉ ነው» ማለት ይችላል? አይችልም። እጁን ያነሳው እሱ ነው። ሥራ የሚመዘነው በለበሱት ሳይሆን ባሰቡትና በፈጸሙት ነው። ልብስ ሲቀየር ኒያ አይቀየርም።

ታዲያ ምን ይሁን?

አንባቢ «ይህ ሁሉ የለንደንና የኒውዮርክ ወሬ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ብሎ ጽሑፉን እንዳያጥፍ አንድ ነገር እንጨምር። ዛሬ እንቅስቃሴን ለመያዝ ኳስ መለጠፍም ሆነ አዳራሽ ሙሉ ካሜራ መትከል የግድ አይደለም። ከተራ ቪዲዮ ላይ ብቻ የሰውን መገጣጠሚያዎች እየተከተሉ የሚያሰሉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ከተሠሩ ቆይተዋል። የሠርግ ቪዲዮ ይበቃል። የልጆቻችን የትምህርት ቤት በዓል ቪዲዮ ይበቃል። በስልካችን ቀርጸን የበተንነው ሁሉ አንድ ቀን የሌላ አካል እግር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጉዳዩ ደጃችን ደርሷል።

እንግዲህ የሰውን እንቅስቃሴ የሚወስድ ሁሉ፣ አርቲስትም ይሁን ነጋዴ ወይም ስልክ የያዘ ወጣት፣ ራሱን አራት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ ባለቤቱን ጠይቄዋለሁ ወይ? ለምን እንደማውለውስ ገብቶታል ወይ? ሁለተኛ፣ ስሙ አብሮ ይሄዳል ወይ? ሦስተኛ፣ እኔ ሳተርፍ እሱም ድርሻውን ያገኛል ወይ? አራተኛ፣ ማብቂያ አለው ወይ? «ይብቃ» ቢለኝ አቆማለሁ ወይ? ለእነዚህ መልስ ያለው ሰው በጎ ሥራ ሊሠራበት ይችላል፤ ያረጀ ጥበብ ከመጥፋት ሊያድንበት፣ መንቀሳቀስ ያቃተውን ሰው ዳግም ሊያንቀሳቅስበት ይችላል። መልስ የሌለው ግን ካሜራው ምንም ያህል ቢራቀቅ፣ አካሄዱን አይቶ ጭብጦ ከሚቀማው ሰው አይለይም።

እኛም ተመልካቾች ድርሻ አለን። በብርሃን የተሠራ አካል ሲጨፍር አይተን ስንደነቅ «ይህ እርምጃ የማን ነው?» ብለን እንጠይቅ። የሚጠይቅ ተመልካች ባለበት ገበያ ሐቅ መብላት ይከብዳል።

ወላሁ አዕለም።